ከሊማሊሞ እስከ ባሕር በር

ከደባርቅና ከዳባት ለምንወጣ ተማሪዎች ባሕር ሩቅ ነገር ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ገደሉን፣ ጭጋጉንና የገብሱን ማሳ ነው፤ ስለ መርከብም ቢሆን ከኖኅና ከዮናስ ታሪክ በቀር የሰማነው ጥቂት ነው። እኔም ስለ ወደብ እጽፋለሁ ባልኩ ጊዜ ጓደኞቼ ስቀውብኛል። ነገር ግን የታሪክ መጻሕፍትን ሳገላብጥ ያገኘሁት ነገር እነሱንም ዝም የሚያሰኝ ነው፤ ይኸውም ያገራችን ንግድ ከፍና ዝቅ ሲል የኖረው ወደቡ ባለበት ቦታ ምክንያት መሆኑ ነው። ወደቡ ምጽዋ በነበረ ጊዜ የእኛ ምድር በር ነበረች፤ ወደቡ ወደ ጅቡቲ በዞረ ጊዜ ግን በሩ ጓሮ ሆነ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ፣ ከከተማቸው ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደው ዋናው የንግድ መንገድ በእኛ አገር ያልፍ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ከጎንደር ተነሥቶ የወገራን ሜዳ ያቋርጥና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ምድሩ እንደ ግድግዳ ተቈርጦ ይወርዳልና ሊማሊሞን በጠባብ መንገድ ይወርዳል፤ ተከዜን ተሻግሮ፣ በሽሬና በአድዋ አድርጎ፣ ሐማሴንን ዘልቆ፣ ወደ ምጽዋ ደሴት ይገባል። ምጽዋን በ1549 ዓ.ም. የያዟት ቱርኮች ናቸው፤ በኋላም በእነሱ ስም የሕርጊጎው ናይብ ይገዛ ነበር። እንግዲህ ደገኛው ነጋዴ ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ባሕሩን ቢያይም፣ የወደቡ ቍልፍ በሌላ ሰው እጅ ነበር ማለት ነው።

ወደ ባሕር የሚወርደው ሸቀጥ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ሰምና ቡና ነበር። ከባሕር የሚወጣው ደግሞ ሐር፣ የጥጥ ፈትል፣ ዶቃ፣ መስተዋት፣ ቅርንፉድ፣ ቍንዶ በርበሬ፣ ኩልና ጠመንጃ ነበር። እናቶቻችን ለማተብ የሚፈልጉት ሰማያዊ የሐር ክር ሳይቀር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዕቃ ነው። በመንገዱም ላይ ከአፋር በረሓ የሚመጣው አሞሌ ጨው ሳንቲም ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ለትልቁ ንግድ ደግሞ በኋላ ዘመን የማርትሬዛ ጠገራ ብር መጣ። ነጋዴዎቹ አብዛኞቹ እስላሞች ነበሩ፤ መኳንንቱ ንግድን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይቈጥሩት ነበርና። ዛሬ ስናስበው መኳንንቱ የለበሱትን ሐርና የታጠቁትን ጠመንጃ ያመጣላቸው ያ የናቁት ነጋዴ ነበር።

ታሪክ ጸሐፊ ክብሩን ብቻ እየመረጠ ቢጽፍ ግን አንባቢውን ያታልላል። በዚህ መንገድ የወረደው ሰምና ዝባድ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ወርዷል። ከምዕራብና ከደቡብ አገር የተማረኩ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በባርነት እየተነዱ ወደ ምጽዋ ይወሰዱና ወደ ዐረብ አገር ይሸጡ ነበር። የሊማሊሞን ገደል ባየሁ ቍጥር ውበቱ ያስደስተኛል፤ ነገር ግን ቍልቍል እየተነዳ ወደ ኋላው የሚመለከት ልጅ በዚያ እንዳለፈም አስባለሁ። የእነዚያን ሰዎች ስም የጻፈ የለም፤ ቢያንስ ማለፋቸውን ልንጽፍ ይገባናል።

መንገዱ ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበረ ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጄምስ ብሩስ እንረዳለን። ብሩስ በመስከረም 1762 ዓ.ም. ምጽዋ ወርዶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው በየካቲት ነው፤ በመካከሉ አምስት ወር ያህል አልፏል። በሊማሊሞም ኬላ እንደ ነበረና ከነጋዴዎች ቀረጥ ይሰበሰብ እንደ ነበረ ጽፏል። ይህ ለእኛ አገር ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ኬላ ባለበት ቦታ ሹም አለ፤ ነጋዴ ባደረበት ቦታም ገብስ፣ ሣርና ማር የሚሸጥ ገበሬ አለ። ባሕሩን አይቶ የማያውቅ ባላገር እንኳ ከባሕሩ ንግድ ይቀምስ ነበር ማለት ነው።

ከስሜን ገዢዎች ሁሉ የባሕሩን ነገር አጥብቀው ያሰቡት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ውቤ በ1823 ዓ.ም. የትግራዩን ደጃዝማች ሰባጋዲስን ካሸነፈው ወገን ሆነው ትግራይን ከስሜን ጋር ስለ ያዙ፣ ግዛታቸው እስከ ምጽዋ አቅራቢያ ደረሰ። ከባሕሩ የሚለያቸው ጥቂት ቆላ ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን ፈረንሣዮች ወደ ቀይ ባሕር አዘውትረው ይመጡ ጀመር። የባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ቴዎፊል ለፌቭርና ባልንጀሮቹ አገሩን እየዞሩ አጠኑ፤ የፈረንሣይ መንግሥትም በምጽዋ ቆንሲል አስቀመጠ። ናንትና ቦርዶ በሚባሉት በጥንታውያን የፈረንሣይ የወደብ ከተሞች ያሉ ነጋዴዎችም ማኅበር አቋቁመው በ1832 ዓ.ም. ገደማ ከምጽዋ በስተ ደቡብ ያለውን የኢድን ወደብ ገዙ፤ ሆኖም ንግዱ አልቀናቸውም።

ደጃዝማች ውቤ ለፈረንሣይ ንጉሥ ለሉዊ ፊሊጵ እየጻፉ ወዳጅነትን ፈለጉ። የፈለጉት ነገር የተሰወረ አልነበረም፤ ቱርክ የማይዘጋው የባሕር በርና በዚያ በር የሚገባ ጠመንጃ ነበር። በ1834 ዓ.ም. አቡነ ሰላማ ከግብጽ የመጡት ውቤ ወጪውን ችለው በላኩት መልእክተኛ ነው፤ ጳጳስ እንኳ የሚመጣው በምጽዋ በኩል ነበርና። በ1841 ዓ.ም. ደግሞ ጦራቸው እስከ ምጽዋ ዳርቻ ወርዶ ወጋ። ነገር ግን ደሴት ያለ መርከብ አይያዝም። ከስሜን አምባ ላይ ጠላትን ቍልቍል ማየት የለመደ ሠራዊት፣ በባሕሩ አጠገብ ቆሞ ማዶውን ከማየት በቀር ምንም ሊያደርግ አልቻለም።

የውቤም ነገር በተራራቸው ላይ ተፈጸመ። ለራሳቸው ንግሥና አስበው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም አቅራቢያ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደጃዝማች ካሣ ድል ተመቱ፤ ካሣም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ከባሕር ያመጡት ጠመንጃም ለአዲሱ ንጉሥ ሆነ። ልጃቸው ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስት ሆነችና ልዑል ዓለማየሁን ወለደች። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ እናቲቱ በመንገድ ስትሞት፣ የሰባት ዓመቱ ሕፃን በምጽዋ አጠገብ ካለው ከዙላ ባሕር ዳር በእንግሊዞች መርከብ ተሳፍሮ ሄደ፤ አያቱ ዕድሜአቸውን ሙሉ የተመኙትን ባሕር የልጅ ልጃቸው ሳይወድ ተሻገረው። በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሰር ተቀበረ። ሲሞት ዕድሜው አሥራ ስምንት ነበር። እኔም ይህን የምጽፈው በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነውና፣ በዚህ ቦታ ብዕሬን ጥቂት አስቀምጬ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደቡ ራሱ ቦታውን ለወጠ። ፈረንሣዮች በ1854 ዓ.ም. ኦቦክን በውል ይዘው ነበር፤ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ጅቡቲን መሠረቱ። ኢጣልያኖች በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ስለ ያዙ፣ ዐፄ ምኒልክ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ። የባቡር ሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ጎንደር አስቀድሞ የመንግሥት መቀመጫነቷን አጥታ ነበር፤ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች አቃጥለዋታል። ሐዲዱ ሲጨመርበት የአገሪቱ ንግድ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ፈሰሰ። በወንበዴና በጦርነት ያልተዘጋው የሊማሊሞ መንገድ ከሩቅ በሚጮህ ባቡር ደከመ።

ይህ የጅቡቲ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ በ1916 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከጎጃሙ ራስ ኃይሉ፣ ከትግራዩ ራስ ሥዩምና ከሌሎች መኳንንት ጋር በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ በመርከብ ኢየሩሳሌምንና ግብጽን ጐብኝተው፣ በማርሴይ ወደብ ወደ ፈረንሣይ ገቡ። ማርሴይ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ የግሪክ መርከበኞች የመሠረቷት ከተማ ናት። ከባሕር የሚመጣ ሰው ከሩቅ የሚያየው በኮረብታ ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ መርከበኞች ከማዕበል ሲድኑ ስለታቸውን የሚያገቡት በዚያ ነው። ከአሮጌው ወደብ የሚነሣውና ሱቅ የሞላበት ካኔቢየር የሚባለው ሰፊ መንገድ ስሙን ያገኘው፣ ለመርከብ ገመድ ከሚሆን የቃጫ ተክል ነው ይባላል። ስለዚህ ዛሬ ልብስና ጌጥ የሚሸመትበት ጎዳና ሥሩ የመርከበኛ ገመድ ነው ማለት ነው። እኛም የገበያችን ሥር የሲራራ ነጋዴው ጭነት መሆኑን ብናስታውስ መልካም ነበር።

ራስ ተፈሪ የሄዱት ግን ለጉብኝት ብቻ አልነበረም። ለኢትዮጵያ በጅቡቲ ነጻ የወደብ ስፍራ እንዲሰጣት ከፈረንሣይ መንግሥት ጋር ተነጋገሩ፤ አሳባቸውም አልተፈጸመም። ደጃዝማች ውቤ በደብዳቤ፣ ራስ ተፈሪ በአካል፣ ሰማንያ ዓመት ያህል ተራርቀው በአንድ በር ላይ ቆመው አንኳኩ። ይህን ሳነብ የስሜኑ ሰው አሳብ ያንድ መስፍን ሕልም ብቻ እንዳልነበረ ተረዳሁ።

የሊማሊሞ መንገድ ደግሞ እንደገና የነቃው በመከራ ዘመን ነው። ኢጣልያኖች በወረራው ጊዜ ከአስመራ ወደ ጎንደር የሚዘልቀውን የመኪና መንገድ በገደሉ ላይ ጠርበው አወጡ፤ በደባርቅ አጠገብም ወልቀፊት ላይ ምሽግ ሠሩ። አርበኞቻችንና እንግሊዞች ከበውት በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በኅዳር ነጻ ወጣች። ወደ ባሕር የሚወስደውን መንገድ የያዘ አገሩን ይይዛል የሚለው የድሮ ነገር በዚያ ጦርነትም ታይቷል።

ዛሬ ምጽዋ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት የሆነችው የኤርትራ ወደብ ናት፤ ጅቡቲም ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ራሷን የቻለች አገር ናት። ወደ አገራችን ከሚገባው ዕቃ ከመቶው ዘጠና የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል። በደባርቅ ገበያ የምንገዛው ብዙው የውጭ አገር ጨርቅና ዕቃ በስተ ሰሜን ያለውን የቀድሞውን ባሕር ትቶ፣ በምሥራቅ ዞሮ በአዲስ አበባ በኩል ወደ እኛ ይወጣል። ነጋዴው ዋጋ ሲጠራ የዚያን ሁሉ መንገድ ኪራይ ጨምሮ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድር ነው? አንደኛ፣ ተራራ ሰውን ከዓለም አይለየውም፤ የሚለየው የመንገድ መዘጋት ነው። ሁለተኛ፣ በጠመንጃ የተፈለገ በር ለጠመንጃ ብቻ ይከፈታል፤ በንግድና በጉርብትና የተከፈተ በር ግን ክርም፣ መጽሐፍም፣ እንግዳም ያስገባል። ሦስተኛ፣ አያቶቻችን የረገጡትን መንገድ ክብሩንም ነውሩንም ሳንሸሽግ ማወቅ የእኛ የተማሪዎች ዕዳ ነው።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ ትምህርት ቤታችን ይህን በዓል ሲያከብር የስንት ዓመት ልጅ እንደ ሆነ ብቻ አንቍጠር። ከማዕድ በኋላ የድሮውን ነጋዴ፣ ኬላውንና የጨው ጭነቱን ነገር ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ ሽማግሌ ሲያልፍ መጽሐፍ ተቃጠለ ይባላልና። እናንተም ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወደ ሊማሊሞ ጫፍ በወጣችሁ ጊዜ ጭጋጉ ሲገለጥ ወደ ሰሜን ተመልከቱ። ባሕሩ ከዚያ አይታይም፤ መንገዱ ግን ይታያል።