ስማችንና የአባቶቻችን ስም



አንድ ወጣት ለመታወቂያ ሲመዘገብ የአያቱን ስም «ኦብሳ» ማለቱን ትቶ «ዑስማን» ብሎ አስጻፈ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «የሙስሊም ስም አይደለማ!» አለኝ። ይህች መልስ ናት ይህችን አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳችኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ የምንኖርበት አገር ራሱ የሰው ስም የተሸከመ መሆኑን እናስታውስ። ኢሉ የኦሮሞ ጎሳ ስም ሲሆን፣ አባ ቦራ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአካባቢው ንጉሥ የነበረው የጫሊ ሾኖ የፈረስ ስም እንደሆነ ይነገራል። በፈረስ ስም መጠራት በጊቤ ነገሥታት ዘንድም የተለመደ ነበር፤ የጅማው አባ ጅፋርም የሚታወቁት በዚሁ ዓይነት ስም ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ኢስላም በነጋዴዎችና በዑለማእ አማካይነት በጊቤ መንግሥታት ሲስፋፋ፣ አሕመድ፣ ዑመር፣ ኢብራሂም የሚሉት ስሞች ከነባሮቹ የኦሮሞ ስሞች ጎን ቆሙ። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ወደ ኢሉባቦር የሰፈሩ ወገኖቻችን ደግሞ እንድሪስን፣ ሰይድንና ይመርን ይዘው መጡ። በመሆኑም ዛሬ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በያዮ ከጁሙዓ ሰላት የሚወጣውን ጀመዓ ስም ከነአያቱ ብንጠይቅ የአካባቢያችንን ታሪክ እንሰማለን።

ስሞቹ በአንደበታችን ሲዞሩ መልካቸው ተለውጧል። ፋጢማ ፋጡማ፣ ኸዲጃ ከዲጃ፣ ዓኢሻ አሻ፣ ኢድሪስ እንድሪስ ሆነዋል። ትርጉማቸው ግን አልጠፋም። ኑሩ ብርሃን፣ ጀማል ውበት፣ ከማል ምሉእነት፣ ሸምሱ ፀሐይ ማለት ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው «ዐብድ» ባለባቸው ስሞች ላይ ነው። ዐብድ ማለት ባሪያ፣ አገልጋይ ማለት ሲሆን፣ ዐብዱረሕማን የአዛኙ አምላክ ባሪያ ይሆናል። ዐብዱን ቆርጠን ሰውን «ረሕማን» ብለን ስንጠራ የጌታችንን ስም ለፍጡር መስጠታችን ነውና ልንታረም ይገባል።

ታዲያ «የሙስሊም ስም» ማለት ምን ማለት ነው? ዑመር፣ ኸዲጃ፣ ዑስማን የሚባሉት ስሞች ከኢስላም በፊትም ዐረቦች ይጠሩባቸው የነበሩ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰለመውን ሰው ሁሉ ስም አልለወጡም። የለወጡት ትርጉሙ መጥፎ የሆነውን ነው፤ ለምሳሌ «አመጸኛ» የሚል ትርጉም ያላትን ዓሲያን ጀሚላ ብለዋታል። በዚህ መለኪያ ስንመዝነው ኦብሳ ማለት ታጋሽ ማለት ስለሆነ በዐረብኛ ሳቢር ከሚለው ጋር ወንድማማች ነው። ኢፋ ብርሃን ነው፤ ከኑር ጋር ይገናኛል። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ሊያሳፍር የሚችል ነገር ከቶ የለም።

ይልቁንም የሚያስፈራው የአባትን ወይም የአያትን ስም መፋቅ ነው። በአገራችን ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖር ቢደነግግም፣ ሕዝቡ የአባቱን ስም አልተወም። ይህም ዐረቦች «ኢብኑ» እያሉ የዘር ሐረግ ከሚቆጥሩበት ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል። ዒክሪማ (ረ.ዐ.) የኢስላም ቀንደኛ ጠላት የነበረው የአቡ ጀህል ልጅ ነበር፤ ከሰለመም በኋላ በአባቱ ስም መጠራቱ አልቀረም። የነቢያችን የዘር ሐረግ ራሱ ዐብዱ መናፍ የሚለውን የጣዖት ስም ያለበት ስም ሳይፋቅ ይቆጠራል። አባቱ ያልሆነውን ሰው እያወቀ «አባቴ ነው» የሚል ጀነት እርም እንደሚሆንበት በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲስ ተዘግቧል። የአያትን ስም በሌላ ሰው ስም መለወጥም ዘርን ማሳከር ነውና ከዚህ ማስጠንቀቂያ ልንርቅ ይገባናል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ጉዲፈቻም ማንሳት ያስፈልጋል። ወላጅ ያጣን ልጅ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ የኦሮሞ ሕዝብ ታላቅ ባሕል ነው። የቲምን ማሳደግም በኢስላም ከፍ ያለ ምንዳ አለው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያሳደጉት ዘይድ «ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ» ይባል ነበር፤ የሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ ከወረደ በኋላ ግን «ዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ» ተብሎ ወደ ወላጅ አባቱ ስም ተመልሷል። ስሙ ቢመለስም ፍቅራቸው አልቀነሰም። ስለዚህ አሳዳጊ ወላጆች ልጁን አቅፈው ያሳድጉ፤ የወላጅ አባቱን ስም ግን አይንሱት። ነገ የውርስና የጋብቻ ጥያቄ ሲነሳ ልጁን ከጭንቀት የሚያድነው ይኸው ነው።

የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ እየተካሄደ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅም በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል። ዛሬ በመዝገብ የምናሰፍረው ስም ከልጅ ልጆቻችን ጋር የሚኖር ነው። እንግዲያው በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ስናደርግ መልካም ትርጉም ያለው ስም እናውጣ፤ ትርጉሙንም ለልጁ እንንገረው፤ አያቶቻችን እንዳሉ ይጻፉ። ሐጂና ሼህ የሚሉት ማዕረጎችም በስም ቦታ ገብተው ትክክለኛውን ስም እንዳይሰውሩት እንጠንቀቅ።

የሶር ውሃ ወደ ገባ ይወርዳል፤ ገባም ከብርብር ተገናኝቶ ባሮ ይባላል። ባሮ ከጋምቤላ ሜዳ ሲደርስ ከሶር መነሳቱን አልካደም። ያ ወጣት በኋላ አባቱን ስለ አያቱ ጠይቆ ኖሮ «ሼኾቹን በቤቱ የሚያሳድር ሰው ነበር» እንደተባለ ነገረኝ። ስሙንም ለማስተካከል ማመልከቻ ጽፏል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለአባቶቻችን ይማርልን፤ ልጆቻችንንም በመልካም ስም የሚጠሩ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።