የውግዘትና የዕርቅ ዜና፦ ከኬልቄዶን እስከ ገዳመ አስቄጥስ

ጌታ በተወለደ በ451 ዓመት፣ መርቅያን በቁስጥንጥንያ ነግሦ ሳለ፣ ከከተማዪቱ በባሕር ማዶ በምትገኘው በኬልቄዶን፣ በሰማዕቷ በአውፎምያ ቤተ ክርስቲያን የጳጳሳት ጉባኤ ተከፈተ፤ ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት 8 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የጥንቱ ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከዐፄ ሱስንዮስ ወዲህ ያለው ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመልክቷል።) የክርክሩም ነገር ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ነበር። ባሕርይ ማለት አንድ ነገር ያ ነገር የሆነበት ምንነቱ ሲሆን፣ አካል ግን ራሱን ችሎ የቆመ ማንነቱ ነው። የእስክንድርያ ሊቃውንት የቀድሞ ሊቀ ጳጳሳታቸውን ቄርሎስን ተከትለው ሥጋ የሆነው የቃል ባሕርይ አንድ ነው ሲሉ፣ መለኮትና ትስብእት፣ ይኸውም አምላክነቱና ሰውነቱ፣ ሳይቀላቀሉና ሳይለያዩ ተዋሐዱ ማለታቸው ነበር፤ የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ልዮን የላከው ጦማር ግን የሁለቱን ባሕርያት ሥራ ለየብቻ የሚያስረዳ ነበረና፣ ጉባኤው በመጨረሻ ክርስቶስ በሁለት ባሕርያት ይታወቃል የሚለውን ቃል አጸና። ለእስክንድርያውያን ይህ ቃል ክርስቶስን ለሁለት የከፈለው የንስጥሮስ ትምህርት ተመልሶ የመጣ መሰላቸው፤ ለሮማውያንም የእስክንድርያውያን ቃል ሰውነቱን በመለኮቱ ውጦ ያስቀረው የአውጣኪ ትምህርት መሰላቸው። ሁለቱም ወገኖች አውጣኪንም ንስጥሮስንም ያወግዙ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ቃል በራሱ መዝገበ ቃላት ፈታው።

የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ዲዮስቆሮስ በዚያ ጉባኤ ከመንበሩ ተሽሮ ወደ ጋንግራ ተጋዘ፣ በዚያም በ454 ዓመት ዐረፈ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ የቁስጥንጥንያው አናጦልዮስ በዚያው ጉባኤ ቆሞ ዲዮስቆሮስ የተሻረው ስለ ሃይማኖት ሳይሆን ልዮንን ስላወገዘና ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ስላልቀረበ ነው ብሎ ተናግሯል። ይህ ቃል በጉባኤው መዝገብ ተጽፎ እያለ ዲዮስቆሮስ ለብዙ መቶ ዓመታት በግሪኮች ዘንድ በመናፍቅነት ስሙ ሲነሣ ኖረ።

ከዚህም በኋላ ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ታሪክ ይዘው ሄዱ። በግብፅና በኢትዮጵያ እንደሚነገረው፣ ንግሥት ብርክልያ በቍጣ ተነሥታ ዲዮስቆሮስን አስመታችው፣ ጥርሶቹም ረገፉ፣ ጽሕሙም ተነጨ፤ እርሱም ጥርሶቹንና የጽሕሙን ጠጕር ሰብስቦ የሃይማኖቱ ፍሬ ይህ መሆኑን ለእስክንድርያ ልጆቹ ላከላቸው። በግሪኮች ዘንድ ደግሞ እንዲህ ይባላል፤ የሁለቱ ወገኖች የሃይማኖት መጻሕፍት በሰማዕቷ በአውፎምያ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ሣጥኑ ታተመ፣ በተከፈተም ጊዜ የኬልቄዶን ወገን መጽሐፍ በቀኝ እጇ፣ የሌላው መጽሐፍ ግን ከእግሯ በታች ተገኘ። የግሪኮቹ ታሪክ በዓል ተሠርቶለታል፤ የዲዮስቆሮስም ዕረፍት በኢትዮጵያ በየዓመቱ መስከረም 7 ቀን ከስንክሳር ይነበባል፣ በስሙም የተሰየመ ቅዳሴ ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ ሆኖ ይቀደሳል። ስለ ዕርቅ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ባሕርይ ቃል ብዙ ይደክማሉ፤ ነገሩ የከበደው ግን በእነዚህ ቅዱሳን ስሞች ላይ ነው።

ነገሥታትም ዕርቁን በአዋጅ ሊያመጡ ሞከሩ። በ482 ዓመት ንጉሡ ዘይኑን የአንድነት መጽሐፍ የተባለውን ደብዳቤ ቢያወጣ፣ ሮም ከቁስጥንጥንያ ለ35 ዓመታት ተለየች፣ በግብፅም የጸኑት መነኮሳት ደብዳቤውን የተቀበለውን የራሳቸውን ሊቀ ጳጳሳት ትተው ራስ አልባ ተባሉ፤ አንዱን ቁስል ሊያክም የመጣው መድኃኒት ሁለት ቁስል ጨመረ። ንጉሡ ሕርቃልም በ631 ዓመት ቂሮስን በእስክንድርያ ፓትርያርክም ገዢም አድርጎ ቢሾም፣ የቅብጦች አባት ብንያሚን ከዐሥር ዓመት በላይ ሸሽቶ ኖረ፣ ወደ መንበሩም የተመለሰው እስላሞች አገሩን ከያዙ በኋላ ነበር። በኢትዮጵያም ዐፄ ሱስንዮስ በ1618 ዓ.ም በየካቲት በደንቀዝ ሮም በሾመችው በፓትርያርኩ በአልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መንበር ማለ፤ ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ምእመናኑ እንደገና ይጠመቁ፣ በዓላቱም ይለወጡ በተባለ ጊዜ አገሩ ታወከ፣ በላስታ ዐመፅም ብዙ ደም ፈሰሰ፣ በ1624 ዓ.ም በሰኔም ንጉሡ ራሱ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገረ። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ ከውጭ የመጣ የአንድነት ቃል በጥርጣሬ ቢሰማ አያስደንቅም።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ ረዘመ። ነገሩም እንደገና የተነሣው በቤተ መንግሥት ሳይሆን በመምህራን መካከል ነው። ጳውሎስ ቬርጊስ የተባለ ሕንዳዊ ካህን፣ በወጣትነቱ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ በኋላም ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ የነበረ ሰው፣ ከግሪኩ መምህር ከኒቆስ ኒሲዮቲስ ጋር ሆኖ ሁለቱን ወገኖች ለማነጋገር ተነሣ። በ1956 ዓ.ም፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ከነሐሴ 5 ቀን ጀምሮ በዴንማርክ አገር በኦርሁስ ተሰበሰቡ፤ በኢትዮጵያ ጾመ ፍልሰታ የተያዘበት ወራት ነበር። ጆርጅ ፍሎሮቭስኪ፣ ጆን ሜየንዶርፍና ጆን ሮማኒዲስ ኬልቄዶንን በተቀበለው ወገን፣ ሕንዳዊው ቪ. ሲ. ሳሙኤል፣ አርመናዊው ጳጳስ ካሬኪን ሳርኪሲያንና ኢትዮጵያዊው ሊቀ ሥልጣናት ሀብተ ማርያም ወርቅነህ በሌላው ወገን ተቀመጡ። የቄርሎስን ቃል መካከል ላይ አስቀምጠው ሲመረምሩ፣ 15 መቶ ዓመታት የቆየው መለያየት ከአባቶች ሃይማኖት እንዳላወጣቸው ተስማምተው ጻፉ። ሥልጣን ያለው ጉባኤ አልነበረም፤ ምናልባት ቃሉ በቀላሉ የወጣው ስለዚህ ይሆናል።

በሚቀጥለውም ዓመት በ1957 ዓ.ም፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ከጥር 7 እስከ 13 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ኬልቄዶንን ያልተቀበሉትን አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ ሰበሰበ። የእስክንድርያው ቄርሎስ ስድስተኛ፣ የአንጾኪያው ኢግናጥዮስ ያዕቆብ ሣልሳዊ፣ የአርመን ካቶሊኮሶች ቫዝገንና ኮረን፣ የሕንዱም ባስልዮስ አውጌን ከኢትዮጵያ አባቶች ጋር ተገኙ፤ የጥምቀትም በዓል በዚያው ሳምንት ዋለ። ንጉሥ የጠራው ጉባኤ ነውና መርቅያንን ለሚያስብ ሰው ሊያሠጋው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ይህ ንጉሥ ስለ ባሕርይ አዋጅ አላወጣም፣ አባቶቹም ከግሪኮች ጋር መነጋገሩ እንዲቀጥል ወስነው ተለያዩ።

በ1963 ዓ.ም፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጥር 14 እና 15 ቀን የመምህራኑ አራተኛ ስብሰባ በዚያችው በአዲስ አበባ ሆነ። ቀዳማዊው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ በጥቅምት ዐርፈው መንበሩ ባዶ ነበር፣ አቡነ ቴዎፍሎስ ገና አልተሾሙም። ጉዳዩም ውግዘትን ስለ ማንሣትና ቅዱሳንን ስለ መቀበል ነበር። ውግዘት ማለት ቤተ ክርስቲያን አንድን ሰው ወይም ትምህርቱን ከአንድነቷ የምትለይበት ቃል ሲሆን፣ ያሰረ ሥልጣን ሊፈታው እንደሚችል አልተጠራጠሩም፤ ያስጨነቃቸው አፈታቱ ነበር። ልዮን በሮምና በግሪኮች ዘንድ ቅዱስ ነው፣ ዲዮስቆሮስና የአንጾኪያው ሳዊሮስም በሌላው ወገን ቅዱሳን ናቸው፤ ውግዘቱ ቢነሣ እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ቅዱስ በመቅደሱ ይጠራ ዘንድ ይገደዳልን? መምህራኑም አይገደድም አሉ፤ ውግዘቱ ሥራውን ካቆመ ይበቃል፣ አዋጅና ሥርዓት ሳይደረግ በዝምታ የሚተውበትም ጊዜ ይኖራል፣ ነገር ግን የታሪክ መጻሕፍትና መዝሙራት ከስድብ ይጽዱ ሲሉ መከሩ። ከዚህ ሁሉ ድርድር ይልቅ ማስተዋል ያለበት ምክር ይህ ነው፤ ሰው የአያቱን ስም ሳይክድ ከጎረቤቱ ጋር ሊታረቅ የሚችልበትን በር ከፍቷልና። በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ያስተማረው ሳሙኤልም የኬልቄዶንን ጉባኤ እንደገና የሚመረምር መጽሐፍ በኋላ አሳተመ።

ከሮም ጋር የሆነው ነገር ፈጠን ያለ ነበር። በዚያው በ1963 ዓ.ም በጳጉሜን በቪየና በተደረገው ምክክር፣ ገና ጳጳስ የነበሩት ሺኖዳ በተገኙበት፣ ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ቃል ተገኘ፤ መለኮቱ ከትስብእቱ ለቅጽበተ ዓይን እንኳ አልተለየም የሚለው ሐሳብ ነው፣ ይህም በኢትዮጵያ ካህኑ ሥጋ ወደሙን ከማቀበሉ በፊት የሚናገረው ምስክርነት ነው። ሺኖዳም በእስክንድርያ መንበር ተቀምጠው ግንቦት 2 ቀን 1965 ዓ.ም ከጳውሎስ ስድስተኛ ጋር በሮም የጋራ መግለጫ ፈረሙ፣ የአትናቴዎስንም ዐፅም ክፋይ ይዘው ወደ ግብፅ ተመለሱ።

ከግሪኮች ጋር ያለው ሥራ በሥልጣን የተላኩ ሰዎች ሲይዙት ቀስ አለ። በ1981 ዓ.ም በሰኔ በግብፅ በገዳመ አስቄጥስ በአባ ብሶይ ገዳም፣ በ1983 ዓ.ም በመስከረምም በስዊዘርላንድ በሻምቤዚ የሃይማኖት ስምምነት ተጻፈ፤ በ1986 ዓ.ም በጥቅምት ደግሞ ውግዘቱ በሁሉም አባቶች በአንድ ልብና በአንድ ጊዜ እንዲነሣ ተመከረ። በአንድ ጊዜ የሚለው ቃል ግን ነገሩን አሰረው፣ ሁሉም ሌላውን ይጠብቃልና። የአቶስ ተራራ መነኮሳትም የቅዱሳን ጉባኤያት ውሳኔ በኮሚሽን አይለወጥም ብለው በጽሑፍ ተቃወሙ። ተግባር የታየው በትንሹ ስፍራ ነው፤ በ1993 ዓ.ም የእስክንድርያ ሁለቱ ፓትርያርኮች፣ የቅብጡና የግሪኩ፣ በአንዱ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመውን ቅይጥ ጋብቻ ሌላውም እንዲያውቀው ተስማሙ።

ከዚህም በኋላ የሆነው ደስታም ኀዘንም ነበረበት። በ2015 ዓ.ም በግንቦት ሮም በሊቢያ የተሠዉትን፣ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን የምታከብራቸውን 21 ሰማዕታት በራሷ የሰማዕታት መዝገብ ጻፈቻቸው፤ ዓመት ሳይሞላ በየካቲት 2016 የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ፣ ሮም ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ቡራኬ ባወጣችው ጽሑፍ ምክንያት፣ ከእርስዋ ጋር የነበረውን ሃይማኖታዊ ውይይት አቋረጠ። በዚህ ጊዜ ግን ስለ ባሕርይ የሚከራከር አልነበረም። በ2018 ዓ.ም በጥቅምት፣ የኒቅያ ጉባኤ 1700ኛ ዓመት በሚታሰብበት ወራት፣ የአብያተ ክርስቲያናት የዓለም ምክር ቤት የእምነትና የሥርዓት ጉባኤ በዚያው በአባ ብሶይ ገዳም አጠገብ ተሰበሰበ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ መስከረም 7 ቀን፣ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የዲዮስቆሮስ ዕረፍት እንደ ወትሮው ከስንክሳሩ ተነበበ፤ ከጉባኤውም በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሮም የልዮን በዓል እንደ ወትሮው ተከበረ።