ጋዜጣን ለፈተና ማንበብ፦ የሕንድ ሲቪል ሰርቪስ ፈተናና የ«ወቅታዊ ጉዳዮች» ታሪክ



ለዶክትሬት ጥናቴ ዴልሂ በነበርሁባቸው ዓመታት፣ ከክፍሌ አጠገብ ከሰሜን ቢሃር የመጣ አንድ ወጣት ይኖር ነበር። ማለዳ ማለዳ ጋዜጣውን ወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶና መቀስ ይዞ ያነባል። የፈለገውን ዓምድ ይቆርጥና «ኢኮኖሚ»፣ «ሹመት»፣ «ጎረቤት አገሮች»፣ «የፍርድ ቤት ውሳኔ» እያለ በለያቸው ማኅደሮች ውስጥ ያኖራል። መጀመሪያ የታሪክ ተመራማሪ መስሎኝ ነበር። በኋላ ስንግባባ፣ ለሲቪል ሰርቪስ ፈተና ለሦስተኛ ጊዜ ለመቀመጥ እየተዘጋጀ መሆኑን ነገረኝ። በዚያን ጊዜ በጠቅላላው ምድብ ለሚወዳደር ሰው የሚፈቀደው አራት ጊዜ ብቻ ነበር።

«ባይሳካስ? ይህ ሁሉ ንባብ ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀና፣ «ያን ጊዜማ ወንድሜ፣ ስለ ዓለም ንግድ ድርጅት ከመላው ቢሃር የበለጠ የሚያውቅ ባለ ሱቅ እሆናለሁ» አለኝ።

ጥያቄው የእኔ ይመስለኝ ነበር። የፈተናውን ታሪክ ሳጠና ግን ከእኔ 150 ዓመት ያህል ቀድሞ የተጠየቀ ሆኖ አገኘሁት። ዛሬ ላካፍላችሁ የምወደው የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር እንድትወስዱልኝ እለምናለሁ።

እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሕንድን የሚያስተዳድሩት ሹማምንት የሚመረጡት በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ዳይሬክተሮች ጥቆማ ነበር። ዘመድ ያለው ይገባል፤ የገባውም በሄይሊበሪ ኮሌጅ ይሠለጥናል። በ1853 የወጣው የቻርተር ሕግ ሥራውን ለውድድር ከፈተው። በ1854 ቶማስ ባቢንግተን ማኮሌይ የሚመራው ኮሚቴ የፈተናውን ይዘት ነደፈ፤ በ1855ም የመጀመሪያው ፈተና ለንደን ላይ ተሰጠ።

የኮሚቴው ሐሳብ ዛሬም ያስገርማል። ስለ ሕንድ ሕግ፣ ታሪክና ቋንቋ የሚሰጠው ትምህርት ከምርጫው በኋላ እንዲሆን አደረገ እንጂ ተወዳዳሪውን ስለሚያስተዳድረው አገር አስቀድሞ አልጠየቀም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከተወዳዳሪዎቹ አብዛኛው ይወድቃል፤ የወደቀውም ሰው ወደ የትኛውም ሙያ ቢሄድ፣ ለዝግጅቱ ባጠፋው ጊዜ እንዳይጸጸት ፈተናው ሰውን በጠቅላላው በሚያንጽ ትምህርት ላይ መመሥረት አለበት። ስለ አላፊው ብቻ ሳይሆን ስለ ወዳቂው ያሰበ ፈተና ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ያ «ጠቅላላ ትምህርት» የማን ትምህርት ነበር? በኮሚቴው ዕቅድ ግሪክና ላቲን እያንዳንዳቸው 750 ነጥብ ሲሰጣቸው፣ ለሳንስክሪትና ለዐረብኛ የተሰጣቸው እያንዳንዳቸው 375 ነበር። በሩ በሕግ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ቁልፉ ግን የተሠራው በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ነው። ሕንዳዊው ተወዳዳሪ ውቅያኖስ ማቋረጥም ነበረበት። በ1863 ሳትዬንድራናት ታጎር ፈተናውን ያለፈ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆነ። ከዚያ በኋላ የዕድሜው ጣሪያ በ1866 ወደ 21 ወረደ፤ በ1870ዎቹ መጨረሻም ወደ 19 ዝቅ አለ። ይህን በመቃወም በ1877 ሱሬንድራናት ባነርጂ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ያካሄደው ቅስቀሳ፣ መላ ሕንድን ካዳረሱት የመጀመሪያዎቹ የፖለቲካ እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። ፈተናው በሕንድ ምድርም መሰጠት የጀመረው በ1922፣ በአላሃባድ ነበር።

ወቅታዊ ጉዳይስ መቼ ገባ? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1920ዎቹ፣ ለንደን በሚሰጠው ፈተና ውስጥ «የአሁኑ ዘመን» የተሰኘ ወረቀት ተጨመረ፤ የዘመኑን ማኅበራዊ፣ ኢኮኖሚያዊና ፖለቲካዊ ጉዳዮች ይጠይቅ ነበር። እዚህ ላይ የታሪክ ምጸት አለ። በ1920 ሱብሃስ ቻንድራ ቦዝ ፈተናውን በአራተኛ ደረጃ አለፈ፤ በ1921 ደግሞ ሥራውን ሳይጀምር ለቀቀ። የአምሪትሳር ጭፍጨፋ ገና ትኩስ ቁስል ነበር፤ የጋንዲ የአለመተባበር ንቅናቄም ተጀምሯል። አንድ ሰው የዘመኑን ጉዳይ ከልቡ ሲከታተል ለመንግሥት የተመቸ አገልጋይ ብቻ አይሆንም፤ አንዳንዴ ጨርሶ አላገለግልም ይላል።

ከነፃነት በኋላ ጥያቄው መልኩን ቀየረ። በ1926 የተቋቋመው የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን፣ በ1950 በሕገ መንግሥቱ የኅብረቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ሆነ። በኮታሪ ኮሚቴ ምክር በ1979 የዛሬው ባለ ሦስት ደረጃ አሠራር፣ ማለትም ቅድመ ፈተና፣ ዋና ፈተናና ቃለ መጠይቅ፣ ተጀመረ፤ ተወዳዳሪውም ዋናውን ፈተና በሕገ መንግሥቱ በታወቁ የሕንድ ቋንቋዎች መጻፍ ቻለ። በ2013 በተደረገው ማሻሻያ እያንዳንዳቸው 250 ነጥብ የሚይዙ አራት የጠቅላላ ዕውቀት ወረቀቶች መጡ። ወቅታዊ ጉዳይ በቅድመ ፈተናው መርሐ ትምህርት ውስጥ በቀዳሚነት የተጠቀሰ ርእስ ሲሆን፣ በዋናው ፈተና ደግሞ የራሱ ወረቀት ሳይኖረው በሁሉም ወረቀቶች ውስጥ ሰርጎ ይገኛል።

ይህ በመርሕ ደረጃ ትልቅ ፍትሕ ነው። ግሪክ ለመማር ኦክስፎርድ ያስፈልጋል፤ ጋዜጣ ግን በየትኛውም የባቡር ጣቢያ ይሸጣል። መንግሥት በ1957 የጀመረው «ዮጃና» መጽሔትና በ1978 የተመሠረተው «ፕራቲዮጊታ ዳርፓን» በትናንሽ ከተሞች ላሉ ወጣቶች ትልቅ ስንቅ ሆነዋል።

ሆኖም ዜናውን ለፈተና የሚያጠነፍፍ ሰፊ ገበያ በጎኑ አደገ። የዴልሂዎቹ ሙከርጂ ናጋርና ኦልድ ራጂንደር ናጋር የፈተና ማዘጋጃ ተቋማት፣ የኪራይ ክፍሎችና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ሰፈር ሆኑ። የወሩ ዜና ተጨምቆ፣ ተጠርዞ ይሸጣል። በ2022 ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ ከ570 ሺህ በላይ ለቅድመ ፈተናው ተቀመጡ፤ በመጨረሻ የተመረጡት 933 ናቸው። በ2014 በሂንዲና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የተማሩ ተወዳዳሪዎች፣ በ2011 የገባው የአእምሮ ብቃት መለኪያ ወረቀት በእንግሊዝኛ ለተማሩትና ለመሐንዲሶች ያደላል ብለው አደባባይ ወጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ወረቀቱ 33 በመቶ ማምጣት ብቻ የሚበቃበት ማለፊያ ሆነ። በጁላይ 2024 ደግሞ በኦልድ ራጂንደር ናጋር ከምድር በታች ባለ የጥናት ክፍል ውስጥ ጎርፍ ገብቶ ሦስት ተማሪዎች ሞቱ። የዘመኑን ዜና ሊያጠኑ የመጡ ልጆች ራሳቸው ዜና ሆኑ።

እንግዲህ ወደ ማኮሌይ ጥያቄ እንመለስ፦ የወደቀው ሰው ይጸጸታል? መልሱ ያለው በአነባበቡ ላይ ይመስለኛል። ፈተናው ራሱ ሁለት ዓይነት አንባቢ ይፈልጋል። ቅድመ ፈተናው ከአራት አማራጭ አንዱን ያስመርጣል፤ የተሳሳተ መልስ ደግሞ የጥያቄውን ነጥብ ሲሶ ያስቀንሳል። ዋናው ፈተና ግን «መርምር»፣ «ተች» ይላል። የተጨመቀው ጥራዝ የሚያገለግለው የመጀመሪያውን ነው፤ ስምን፣ ቀንንና ደረጃን ይዞ ምክንያትንና ክርክርን ያስቀራል። መንስኤው የተቆረጠበት ክስተት የመቆያ ዕድሜው አንድ ዓመት ነው። ማኮሌይ የፈራው ጸጸት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጎረቤቴ አራተኛውንም ጊዜ አላለፈም። ክፍሉን ሲለቅ አብሬው ማኅደሮቹን አወረድሁ። «ሹመት»፣ «ሽልማት»፣ «የአገሮች ደረጃ» የሚሉትን ለቁራሌው በኪሎ ሸጣቸው። አንድ ወፍራም ማኅደር ግን ሻንጣው ውስጥ ከተተ። በኦገስት 2008 የኮሲ ወንዝ በኔፓል ክልል የመከላከያ ግንቡን ጥሶ በሰሜን ቢሃር ሚሊዮኖችን የጎዳበት የጎርፍ አደጋ ነበር። ከዕለት ዜናው ተነሥቶ ሕንድና ኔፓል በ1954 እስከ ተፈራረሙት የኮሲ ስምምነት ድረስ ወርዷል፤ ግንቡን የመጠገን ኃላፊነት የማን እንደ ሆነ፣ ደለሉ የወንዙን ወለል እንዴት ከፍ እንዳደረገው፣ በግንቡና በወንዙ መካከል የቀሩት መንደሮች ምን እንደ ሆኑ በኅዳጉ ላይ በሂንዲ ጽፏል። «ይህን ለፈተናው አልነበረም እንዴ የሰበሰብኸው?» አልሁት። «ስጀምረው ለፈተናው ነበር» አለኝ።

ተማሪዎቼ፣ ያ ማኅደር ለእኔ ሙሉ የታሪክ ጥናት ነው። ትናንት የሆነውን ይዞ «ከየት መጣ? ማን ወሰነ? ማን ከፈለ?» የሚል ሰው ፈተናው ቢጥለውም ያነበበው አብሮት ይሄዳል። ሕንድ በየዓመቱ ለጥቂት መቶዎች ሥራ ትሰጣለች፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትን ደግሞ ጋዜጣ አስነብባ ወደየቤታቸው ትሸኛለች። ፈተናው መመዘን ያለበት በተመረጡት 933 ብቻ አይደለም፤ የተቀሩት ይዘውት በሚመለሱት ማኅደርም ነው።