የአሰላለፍ ወረቀት፣ ክሊቭላንድ፣ 1975 እ.ኤ.አ.

ከላይ ሁለተኛው መቺ ፍራንክ ሮቢንሰን ነው፤ አሰላለፉን ያወጣውም ራሱ። ኤፕሪል 8 ቀን የሜጀር ሊግ ቤዝቦል የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሲጀምር ገና ተጫዋችም ነበር። በመጀመሪያ ተራው ኳሷን ከአጥር ማዶ ላካት፤ ክሊቭላንድ ያንኪስን 5 ለ 3 አሸነፈ። የመክፈቻውን ኳስ የወረወረችው በዘመናዊው ሜጀር ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የነበረው የጃኪ ሮቢንሰን ባለቤት ራሔል ነበረች (ከፍራንክ ጋር ዝምድና የላቸውም)። ጃኪ ይህን ቀን ሳያይ በ1972 አርፏል።

ፍራንክ በ1961 በሲንሲናቲ፣ በ1966 በባልቲሞር የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል፤ 586 ሆም ራን መቷል። አሰልጣኝነቱ ግን እንዲህ አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። ክሊቭላንድ በ1977 አሰናበተው። በ1988 ባልቲሞርን የተረከበው ቡድኑ የውድድር ዘመኑን በስድስት ተከታታይ ሽንፈት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ሽንፈቱ 21 እስኪደርስ አልቆመም። በዓመቱ ያው ቡድን 87 ጨዋታ አሸነፈ፤ እሱም የአሜሪካን ሊግ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ።