የሞተር ትንፋሽ በጌዴኦ የቡና መንገድ፤ ከክፍት ቱቦ እስከ ዘይት ማጠራቀሚያ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዲላ የጌዴኦ ቡና መሰብሰቢያ ሆና ባደገችባቸው አሥርት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ የጭነት ማመላለሻ ስማቸው የገነነው «ኤንትሬ» በመባል የሚታወቁትን ጨምሮ ቱርቦ የሌላቸው የጣሊያን ፊያቶች ነበሩ። በማንኛውም ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተንና በፋሻው፣ ማለትም በፒስተኑ ቀለበት ጎን ሾልኮ ወደ ኮፓ፣ ማለትም ወደ ዘይት መያዣው ይወርዳል፤ በዚያም ከዘይት ጉም ጋር ተቀላቅሎ መውጫ ይፈልጋል። የቀድሞዎቹ ሞተሮች ይህን ትንፋሽ በክፍት ቱቦ ወደ መሬት ይለቁት ስለነበር፣ ፋሻው ያለቀ ሞተር መንገዱን ቢያቆሽሽም የሚተነፍሰውን አየር አያበላሽም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የአየር ብክለትን ለመቀነስ ትንፋሹ ተመልሶ ወደ አየር ማስገቢያው እንዲገባና እንዲቃጠል መደረግ ጀመረ፤ አሠራሩ ወደ ናፍጣ ሞተሮች የገባው ግን ዘግይቶ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቱርቦ፣ በጭስ ማውጫ ጋዝ ግፊት እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ሲሆን፣ በተለይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በሩብ ያህል በሚያንስበት በአዲስ አበባ ከፍታ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። ሁለቱ ለውጦች በአንድ ሞተር ላይ ሲገናኙ ግን የዘይቱ ጉም በቱርቦው አልፎ የታመቀውን አየር ማቀዝቀዣና ቱቦዎቹን ይለብጣል፤ ብዛቱ ከመጠን ካለፈም የናፍጣ ሞተር ዘይቱን እንደ ነዳጅ አቃጥሎ ከቁጥጥር ሊወጣ ይችላል።

ለዚህ ችግር የጌዴኦ የቡና ሥራ በቂ ምክንያት ይሆናል፤ ታጥቦ የሚዘጋጅ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ስላለበት፣ በይርጋጨፌና በኮቸሬ ዳገታማ የጥርጊያ መንገዶች አይሱዙ የጭነት መኪኖች ከባድ ጭነት ይዘው በዝቅተኛ ማርሽ ስለሚጓዙ የሚሾልከው ጋዝ ይበዛል፤ የአየር ማጣሪያው ካልተጠበቀም አቧራው ፋሻውን ይበላል።

በትንፋሽ ቱቦው መሐል የሚገባው ዘይት ማጠራቀሚያ ጋዙን አሳልፎ ዘይቱን የሚያስቀር ዝግ ጣሳ ነው። ባዶ ጣሳ አብዛኛውን ጉም ስለሚያሳልፍ በውስጡ መከፋፈያ ወይም የብረት መረብ ያለው ይመረጣል፤ የመግቢያና የመውጫው ስፋት ከሞተሩ መተንፈሻ ማነስ የለበትም፣ ከቱርቦው ሙቀት ርቆ መታሰር፣ ከሥሩም ማፍሰሻ ሊኖረው ይገባል። ትንፋሹ ከታፈነ በኮፓው ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ከቱርቦው በራሱ ክብደት ወደ ኮፓ የሚወርደው ዘይትም መመለሻ ስለሚያጣ በቱርቦው ማኅተም በኩል ይወጣል። ስለሆነም ጠባብ ቱቦ ያለው ውድ ዕቃ፣ ሰፊ መተላለፊያ ካለው ቀላል ጣሳ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል።

ጣሳው ያለቀን ፋሻ አይጠግንም፤ ዘይቱ በየጊዜው ሲፈስ መጠኑ ከተመዘገበ ግን፣ ክፍት ቱቦ መሬት ላይ ያባክነው የነበረው የሞተሩ የጤና ማስረጃ በባለ መኪናው እጅ ይቆያል፤ መጠኑ በፍጥነት መጨመር ሲጀምርም መታየት ያለበት ጣሳው ሳይሆን ሞተሩ ነው።