ሞርሞኖች ወዴት እያመሩ ነው?

ጆሴፍ ስሚዝ በ1830 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የመሠረታት የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በ1890 ከአንድ በላይ ሚስት ማግባት እንዲቀር አወጀች፤ በ1978 ለጥቁር ወንዶች ክህነትን ፈቀደች። በ1982 በመጽሐፈ ሞርሞን ርእስ ሥር የኢየሱስ ክርስቶስን ስም ጨመረች። በ2018 ደግሞ መሪዋ ራስል ኔልሰን «ሞርሞን» የሚለው መጠሪያ እንዲቀር አሳሰቡ። ይህን አይቶ «እንግዲህ አንድ ልንሆን ነው» የሚል ወገን ቢኖር አንፈርድበትም። የቤተ ሰብ ፍቅራቸውማ አንዳንዴ እኛን ያሳፍረናል!

ነገር ግን ስሚዝ በ1844 እግዚአብሔር ራሱ ቀድሞ ሰው እንደ ነበረ ሰብኳል፤ አብ ሥጋና አጥንት እንዳለው ዛሬም ያስተምራሉ። ከዚያው ሥር የበቀለችው፣ በ2001 «የክርስቶስ ማኅበረሰብ» የተባለችው ቤተ ክርስቲያን ግን በሥላሴ ማመኗን ትናገራለች። ስለዚህ መመለስ ይቻላል። ወጣት ሚስዮናውያን በራችሁን ሲያንኳኩ በስማቸው አትከራከሩ፤ አስገቧቸውና «አብ ከዘላለም ጀምሮ አምላክ ነበርን?» ብላችሁ ጠይቋቸው።