የቃል ፍቺና ምስክሩ፦ የኦማሃና የፖንካ ቋንቋ ቃላት አመዘጋገብ ታሪክ

የኦማሃና የፖንካ ሕዝቦች ቋንቋ በስዩዋን የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ በዴጊሃ ንኡስ ክፍል የሚመደብ ሲሆን ከኦሴጅ፣ ከካንሳና ከኳፖ ቋንቋዎች ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ኦማሃዎች በነብራስካ፣ ፖንካዎች ደግሞ በነብራስካና በኦክላሆማ ይኖራሉ። ቋንቋውን አፍ የፈቱበት ሰዎች ዛሬ ጥቂት አረጋውያን ብቻ ናቸው። በዚህም ምክንያት የአንድ ቃል ፍቺ ሲያጠራጥር መልሱ በአብዛኛው የሚፈለገው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት በማን ቃል እንደተጻፈና ማን እንዳልተቀበለው ማወቅ የፍቺው አካል እንጂ የግርጌ ጉዳይ አይደለም። (ዓመቶቹ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ የቋንቋው ቃላት በግዕዝ ፊደል የቀረቡት ድምፃቸውን በማቀራረብ ነው።)

የቋንቋው ቃላት የሕዝቡን ታሪክ ተሸክመዋል። ኦማሃዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት «ኡሞንሆን» የሚለው ስም ብዙውን ጊዜ «ወንዙን ሽቅብ የሚሄዱ» ተብሎ ይፈታል፤ የዘመዶቻቸው የኳፖዎች ስም ደግሞ ቁልቁል ከመውረድ ጋር ይያያዛል። «ኒ» ውሃ፣ «ብዛስካ» ጠፍጣፋ ማለት ነው፤ ፈረንሳዮች «ፕላት» ያሉት ወንዝ በኦማሃዎች ዘንድ «ኒብዛስካ» ይባላል። የነብራስካ ግዛት ስም የመጣው ከዚህ ነው።

አዳዲስ ነገሮች ሲመጡም ቋንቋው በራሱ ሀብት ሰይሟቸዋል። «ቴ» የአሜሪካ ጎሽ፣ «ስካ» ነጭ ነው፤ ነጮች ያመጧቸው ከብቶች «ቴስካ» ተባሉ። «ሞንዜ» ብረት ነው፤ «ሞንዜስካ» ማለትም ነጭ ብረት መጀመሪያ ብርን፣ ቀጥሎም ገንዘብን አመለከተ። የፈረስ ስም ታሪክ ከእነዚህ ይለያል። በዘመድ ቋንቋው በላኮታ «ሹንካ» ውሻ ሲሆን ፈረስ «ሹንካ ዋካን»፣ ምስጢራዊ ኃይል ያለው ውሻ፣ ይባላል። በኦማሃና በፖንካ ግን የዚሁ ሥር አቻ የሆነው «ሾንጌ» ራሱ ፈረስ ማለት ሆኗል፤ ለውሻ «ሺኑዳ» የሚል ሌላ ቃል አለ። አዲሱ እንስሳ የአሮጌውን ስም ወርሶ ባለቤቱን በሌላ ስም እንዲጠራ አስገድዷል ማለት ይቻላል።

እነዚህን ቃላት በስፋት የመዘገበው ጄምስ ኦወን ዶርሲ (1848–1895) ነው። ዶርሲ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ሆኖ ከ1871 እስከ 1873 በፖንካዎች ዘንድ በሚስዮናዊነት አገለገለ። ከ1878 እስከ 1880 ደግሞ ለጥናት በኦማሃዎች መካከል ተቀመጠ፤ ከዚያም በዋሽንግተን በሚገኘው የሥነ ሕዝብ ጥናት ቢሮ ሠራ። ዘመኑ ለተናጋሪዎቹ የመከራ ዘመን ነበር። በ1877 ፖንካዎች ከመሬታቸው ተነቅለው ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ተወሰዱ። አለቃቸው ስታንዲንግ ቤር የሞተ ልጁን በአገሩ ለመቅበር ሲመለስ ተይዞ በ1879 ኦማሃ ከተማ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ዳኛው ኤልመር ዳንዲም የአገሬው ተወላጅ በሕግ ፊት «ሰው» ነው ሲል ወሰነ። ከዚያ በኋላ ከፊሎቹ በሰሜን ከፊሎቹ በደቡብ ስለቀሩ አንዱ ቋንቋ በሁለት ምድር ተከፈለ።

ዶርሲ ያጋጠመው የመጀመሪያ ፈተና የድምፅ ነበር። ቋንቋው በትንፋሽ የሚነገሩ፣ ያለ ትንፋሽ ጠብቀው የሚነገሩና እንደ «ጠ» እና «ጰ» ፈንጂ የሆኑ እግድ ድምፆችን ይለያል፤ ይህ ለአፍሪካ ቀንድ አጥኚ እንግዳ አይደለም፤ የላቲን ፊደል ግን አይበቃውም። ዶርሲ ለጠባቂዎቹ ድምፆች ተገልብጠው የታተሙ ፊደላትን ተጠቀመ። ልዩነቱ የጌጥ አይደለም፦ ጎሽ የሚለው «ቴ» ጠባቂ ድምፅ ሲኖረው ቀጥሎ የሚታየው የእሙርነት አመልካች «ቴ» በትንፋሽ ይነገራል። ፊደሉ ከተምታታ ፍቺው ይጠፋል።

ሁለተኛው ፈተና የሰዋስው ነበር። በዚህ ቋንቋ እሙርነትን የሚያመለክቱ ቃላት የነገሩን ቅርጽና አቀማመጥ አብረው ይናገራሉ። «ኬ» ለረጅምና ለተጋደመ፣ «ቴ» ለቆመ፣ «ዞን» ለክብ፣ «ጌ» ለተበታተነ ነገር ይነገራል። ሕይወት ላላቸው ደግሞ መቆምና መንቀሳቀስ፣ ባለቤት መሆንና አለመሆን ይለያል። በእንግሊዝኛ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቃል ስለሚተረጎሙ በትርጉሙ ዓምድ ላይ ልዩነታቸው አይታይም። የዝምድና ስሞችም እንዲሁ ናቸው። የእናት ወንድም የሆነው «ኢኔጊ» ስሙን ለልጁም ያወርሳል፤ የአባት ወንድም ግን አባት ተብሎ ይጠራል። «አጎት» ብሎ የሚፈታ መዝገብ ሁለቱንም ይስታል። በዝምድና ጥናት «የኦማሃ ሥርዓት» የሚባለው ዓይነት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

ሦስተኛው ፈተና የተናጋሪዎቹ አለመስማማት ነበር። ዶርሲ በ1884 በታተመው «የኦማሃ ሶሲዮሎጂ» እና በ1890 በታተመው የዴጊሃ ቋንቋ ጽሑፎች ስብስብ አንዱ አስረጂ የነገረውን ለሌላው እያሳየ ያርም ነበር። ከአራሚዎቹ መካከል የቀድሞው አለቃ ጆሴፍ ላ ፍሌሽ («ኢንሽታሞንዜ»፣ የብረት ዐይን)፣ ልጁ ፍራንሲስ ላ ፍሌሽ እና በእንግሊዝኛ «ሁለት ቁራዎች» የተባለው ካኼ ዞንባ ይገኙበታል። ካኼ ዞንባ ያልተቀበለውን ዶርሲ አልሰረዘውም፤ ዐረፍተ ነገሩን አስቀምጦ ካኼ ዞንባ እንደሚክደው ከጎኑ ጻፈ።

ይህ አጭር ማስታወሻ ከተጻፈ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ኤድዋርድ ሳፒር ተመልሶበታል። ሳፒር በ1938 ባሳተመው ጽሑፍ በተማሪነቱ ማስታወሻውን ሲያነብ ዶርሲ ሥራውን ሳይጨርስ ለአንባቢ የተወ መስሎት እንደነበር ይገልጻል። በኋላ ግን ዶርሲ ከዘመኑ የቀደመ ሆኖ አገኘው፤ የሚያጠናው «ኦማሃዎች» የሚባል አንድ አፍ ሳይሆን የተለያየ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን ተረድቷልና። አር. ኤች. ባርንስም በ1984 ስለዚሁ ክርክር የጻፈውን መጽሐፍ በካኼ ዞንባ ክህደት ሰይሞታል።

የምስክር ጉዳይ ክብደቱ በተለይ የሚታየው «ዋኮንዳ» በሚለው ቃል ነው። ሚስዮናውያን ቃሉን ለክርስቲያኖች አምላክ መጠሪያ አደረጉት፤ ዶርሲ ደግሞ እንደ ፀሐይና ነጎድጓድ ላሉ ኃያላን እንደሚነገር መዘገበ። አሊስ ፍሌቸርና ፍራንሲስ ላ ፍሌሽ በ1911 ባሳተሙት «የኦማሃ ነገድ» ግን ቃሉ በፍጥረት ሁሉ ውስጥ የሚያልፈውን የማይታይ የሕይወት ኃይል እንደሚያመለክት አስረዱ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚይዝ መዝገብ የሚጽፈው የቃሉን ፍቺ ሳይሆን የአንድ ወገንን ብይን ነው።

ዶርሲ በ1895 ሲሞት መዝገበ ቃላቱ አልታተመም ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩት የቃል ካርዶቹ በስሚዝሶኒያን የሥነ ሰብ ቤተ መዛግብት ተቀመጡ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በነብራስካ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ በማርክ አዋኩኒ ስዌትላንድ የተመራው ሥራ ካርዶቹን ወደ ዲጂታል መዝገበ ቃላት ማምጣት ጀመረ፤ በ2018 ደግሞ የኦማሃ አረጋውያንና የዩኒቨርሲቲው መምህራን የተሳተፉበት የመማሪያ መጽሐፍ ታተመ። እንዲህ ባለው የትምህርት ሥራ የዛሬ አረጋዊ ከካርዱ የተለየ ፍቺ ሊሰጥ ይችላል። የካርዱ ምስክር ከተሰረዘ ወረቀቱ በሕያው ተናጋሪ ላይ ዳኛ ይሆናል፤ ከተጠበቀ ግን አረጋዊው ከካኼ ዞንባ ጎን የሚቆም ሌላ ምስክር ይሆናል።

በአፍሪካ ቀንድም የብዙ ቋንቋዎች የመጀመሪያ የቃላት ዝርዝሮች በተጓዦችና በሚስዮናውያን የተሰበሰቡ ናቸው። ከፍቺው ጎን የተናጋሪው ማንነት፣ አገሩና ተቃውሞው አብሮ ሲመዘገብ መጪው ትውልድ የሚወርሰው ከነክርክሩ ያለ ቃል ነው። ለዶርሲ ይህ ከአንዲት አጭር ማስታወሻ በላይ አላስከፈለውም።